አርባ አንድ ደቂቃ የፈጀው ስምንት መቶ ሜትር

«ስምንት መቶ ሜትር... በአርባ አንድ ደቂቃ።»

ኒሺካንት ስልኩን ዙሪያውን እያዞረ አሳየን።

ቁርስ የምንበላበት ሚሳል ቤት በሳቅ ተሞላ። አንዱማ ሻይ ትን አለው።

እኛ ሕንድ አገር፣ ኮልሃፑር ከተማ፣ ራንካላ ሐይቅ ዳር በየማለዳው የምንሮጥ ጓደኛሞች ነን። ኒሺካንት መሪያችን ነው። ሮጠን ስንጨርስ እዚያው ተሰብስበን ሚሳል የሚባለውን የሚያቃጥል ወጥ በዳቦ እንበላለን... ሰውም እናማለን።

የዚያን ቀን የሐሜቱ ተረኛ ሻንታራም ካካ ነበሩ።

ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በዕድሜ የሁላችንም አጎት ስለሚሆኑ ካካ፣ አጎቴ እንደማለት፣ እንላቸዋለን።

እኛ የደሞዛችንን እጥፍ የሚያወጣ ሰዓት አስረን ስንመጣ እሳቸው ርካሽ የጂፒኤስ ሰዓት ገዝተው መጡ። ጥቁር ጎማ፣ አራት ቁልፍ፣ በቃ።

«ካካ፣ ይቺ እንኳን ሳተላይት ቤትዎንም አታገኝም» ብሎ ኒሺካንት ቀልዶባቸዋል።

«ስንት እንደሮጥኩ ትነግረኛለች። ቻርጇ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሌላ ምን ልፈልግባት?» አሉ።

ከዚያ ዳገቱ ላይ ሁላችንንም ጥለውን ሄዱ።

ባለፈው ዓመት ግን «ቤት ትንሽ ጉዳይ አለብኝ» ብለው ቀሩ።

ማናችንም «ምን ጉዳይ?» ብለን አልጠየቅንም...

ከወራት በኋላ የእሳቸው ሰዓት የሁላችንም ሩጫ በሚመዘገብበት አፓችን ላይ እንደገና መታየት ጀመረች።

መቶ አስር ሜትር... በአስራ ስድስት ደቂቃ።

ኒሺካንት ከሥሩ «ኤሊው ተመለሰ» ብሎ ጻፈ።

እኔ ደግሞ የኤሊ ምስል ለጠፍኩበት። ይህን ስነግራችሁ እያፈርኩ ነው።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

በቅርቡ በቡድን የሚሮጥ የተራራ ውድድር ነበረብን። አራት ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው፣ ዳገቱን የሚወጣው፣ ሁልጊዜ ካካ ነበሩ።

«በዚህ ፍጥነት ካካን ተራራ ላይ አናወጣም። ቁጥሩ ይኸው» አለ ኒሺካንት።

ማንም አልተቃወመም። መርዶውን የማድረስ ዕጣ ለእኔ ወጣ።

ደወልኩላቸው።

«ልክ ናችሁ ልጄ። ጥሩ ሯጭ ተኩበት» አሉኝ።

አልተከራከሩም። ምክንያት አልሰጡም። ይሄ ነገር ውስጤ ገባና እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ አፑን ከፍቼ የሰዓቷን ካርታ አየሁት።

ሁልጊዜ ያው ሰዓት... ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ከሙቀቱ የተነሳ ሐይቁ ዳር ሰው በማይኖርበት።

ሁልጊዜ ያው ቦታ... አጭር ቀጥ ያለ መስመር፣ ወዲያና ወዲህ።

መስመሩን ተከትዬ ሄድኩ።

ካካ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የኋሊት ይራመዳሉ።

ፊት ለፊታቸው አንዲት ሴት አለች። አረንጓዴ ሳሪ ለብሳ፣ የሩጫ ጫማ ተጫምታ... ግራ እግሯን እየጎተተች።

ሰዓቷ ያለችው ሴትየዋ እጅ ላይ ነው።

ባለቤታቸው ኢንዱማቲ ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ወስዶት ነበር።

ያ ሁሉ የሳቅንበት ቁጥር የካካ አልነበረም። የኢንዱማቲ ነበር።

«ሰዓቷ በየመቶ ሜትሩ እጇ ላይ እንድትንቀጠቀጥ አስተካክዬላታለሁ» አሉኝ ካካ። «ሆን ብዬ በማይሰማት እጇ ላይ አሰርኳት። መጀመሪያ 'መቶ ሞላ ወይ?' እያለች እኔን ትጠይቀኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳልነግራት ቆመች። 'ሰዓቷ ነካችኝ' አለችኝ።»



«ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«የከለከልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ ኢንዱማቲ፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው። «ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈለግሁም። የጻፋችሁትን ግን በየቀኑ አስነብባቸዋለሁ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ኤሊ ያላችሁኝ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ» አሉ ኢንዱማቲ። «ሐኪሙ ከአልጋ አትነሺም ነበር ያለኝ። ኤሊ እኮ ይሄዳል።»



ወደ ካካ ዞሬ «እርስዎስ ሩጫ አቆሙ?» አልኳቸው።

«ዳገቱን ሁልጊዜ ማለዳ፣ እሷ ሳትነሳ እወጣዋለሁ። ያለ ሰዓት ነው እንጂ። ሰዓቷ የእሷ ናት።»

የዚያኑ ዕለት ለኒሺካንት ነገርኩት።  በማግስቱ በአሥር ሰዓት ሐይቁ ዳር ቀድሞኝ ተገኘ። ኢንዱማቲ እግር ላይ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው።

«ቀና በል፣ መንገዴን ዘጋህብኝ» አሉት።

ካካ ወደ ቡድኑ ተመልሰው በውድድሩ ቀን በሦስተኛው ሯጭ ቦታቸው ተሰለፉ። እጃቸው ላይ ሰዓት አልነበረም። ዳገቱ ላይ ዘጠኝ ሰው አለፉ... ግማሾቹ በዕድሜ ልጆቻቸው ይሆናሉ።

እኔ አልሮጥኩም። በዚያው ሰዓት ሐይቁ ዳር ከኢንዱማቲ ጎን እየተራመድኩ ነበር። ያለ ባለቤታቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

ስልኬ ጠራ። ካካ ናቸው፣ ገና እያለከለኩ።

«ስንተኛ ወጣችሁ?» አልኳቸው።

«እሱን ተወው... ስንት ደረሰች?»

«አንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ።»

 «ስልኩን ለእሷ ስጥልኝ» አሉኝ።

ቤተሰብ... ሰዓት ስንት ሜትር እንደተሄደ ይነግረናል። ማን እንደሄደውና ምን ያህል እንደከበደው ግን ጠጋ ብለን ካልጠየቅን አናውቅም። ቁጥር አይቶ በሰው ከመሳቅ በፊት አንድ ስልክ መደወል ምንም አያስከፍልም።

እናንተስ... ከእናንተ መሃል ድንገት ቀርቶ «ምን ሆነህ ነው?» ሳትሉት የቆያችሁት ሰው አለ? ዛሬ ደውሉለትና ምን እንዳላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።