ደምሴ ያላመጣው መንገድ

ደምሴን ሽፈራው የጠመደው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይደለም። ድምፅ ስጡት ብሎ ቤት ለቤት የዞረለት እሱ ነበር። ደምሴ ተመርጦ የክልሉ ምክር ቤት ገባ፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ግን ያው እንደነበረ ቀረ። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይቆርጠዋል። ባጃጅ አይወርድ፣ አምቡላንስ አይገባ።

ካቻምና በነሐሴ የሽፈራውን ልጅ ማህሌትን ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውሃው ሞልቷል። እስኪጎድል ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሕፃኑ እዚያው ወንዝ ዳር ሞቶ ተወለደ። ዘንድሮም ማህሌት ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ደግሞ ነሐሴ ነው።

ደምሴም ቢሆን አንጀቱ አሯል። ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር እጁን ያወጣል። ባልደረቦቹን አስተባብሮ፣ መንገዱ በአገር አቀፉ የመንገድ መረብ ውስጥ ገብቶ በአስፋልት እንዲሠራ የፌዴራሉን መንግሥት ጠይቋል፤ ወትውቷል። በየዓመቱ በበጋ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ተጋብዘው ይመለሳሉ። ከዚያ «አልጸደቀም» ይባላል። ለምን ሲል የሚመልስለት የለም።

«ለምን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ» አለ ሽፈራው ለሚስቱ ለከበቡሽ። «አስፋልት ዳር ቤት ሠርቷል። የእኛ መንገድ ምኑ ነው? እዚያ ሄዶ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል።»

«ኧረ ተው፣ ሲናገር በቴሌቪዥን አይተነዋል።»

«በቴሌቪዥን ማን የማይናገር አለ? ለመሆኑ ሰዎቹ ሲመጡ አንድ ቀን አብሮ መጥቶ ያውቃል?»

እውነቱን ነው፤ መጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ስብሰባ አለብኝ ነው መልሱ።

ግንቦት ላይ ደምሴ ደወለ።

«ጋሼ ሽፈራው፣ ሐሙስ ባለሙያዎቹ ይመጣሉ። ዘንድሮ እኔም አብሬ አለሁ። ሁሉን ነገር በዓይናቸው እንዲያዩ ነው የምፈልገው።»

«አንተ ብቻ አፍህን ክፈት። የእንግዳ ክብር ለእኛ አይነገረንም» አለና ስልኩን ዘጋበት።

እንግዳ ይመጣል ከተባለ ይሄ መንደር እንቅልፍ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ደቦ ተጠራ። ሴት አልቀረ፣ ሽማግሌ አልቀረ። ከፊሉ ግቢ ጠረገ፣ ከፊሉ ዳስ ጣለ፣ ጉልበት ያለው አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። በግ ተገዛ። ማህሌት አርፈሽ ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላ፣ ሆዷን ይዛ ለሠራተኛው ውሃ ስታቀብል ዋለች። ያ የቆላ ፀሐይ ደግሞ ለማንም አያዝንም።

ሲመሽ ከበቡሽ ውሃ የቋጠረ መዳፏን ቅቤ እየቀባች ባሏን አየችው። ወገቡን ይዞ ያቃስታል።

«እንዲህ ለፍተን ደግሞ ባይጸድቅስ?»

«ዘንድሮ ደምሴን በሰዎቹ ፊት አንቄ ነው የምጠይቀው። በልጄ ሊቀልድ ነው?»

ሐሙስ እንግዶቹ ከተባለው ሰዓት ቀድመው ደረሱ። ሾፌሩ እያፏጨ ወረደ። የቡድኑ መሪ ቤዛዊት የምትባል ኢንጂነር ናት፤ ነጭ ሸሚዟ አቧራ እንኳ አልነካውም። ደምሴ መጨረሻ ላይ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጠም፤ ዞሮ የመጣበትን መንገድ ያያል።

ሽፈራው አየውና ደሙ ፈላ። ጥፋተኛ ባይሆን ምን ያስደነግጠዋል?

እንግዶቹ ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ በሉ። ማህሌት የእጅ ውሃ ይዛ ስትዞር ሽፈራው ሆዷን አየና ከዚያ በላይ መታገሥ አቃተው። ብድግ አለ።

«ደምሴ! በል እዚሁ፣ በእንግዶቹ ፊት ተናገር። በየዓመቱ የምታስቀርብን ለምንድን ነው? ይህች ልጅ ነሐሴ ላይ በየት በኩል ትውጣ?»

ደምሴ ወደ በሩ ዞረ። ዓይኑ በር ላይ ከተደገፉት አካፋዎች ወደ ሽፈራው፣ ከሽፈራው ወደ ከበቡሽ መዳፍ ሄደ።

«ምን አካፋ ታያለህ?» አለ ሽፈራው። «አያችሁ? ጥፋቱን ያውቃታል።»

ቤዛዊት እጇን አደራርቃ ፈገግ አለች።

«አባባ፣ እሳቸውን አይቆጧቸው። ጎርፍ አስቸገረን የማይል ቀበሌ የለም፤ እኛ የምንጽፈው በዓይናችን ያየነውን ነው። በመጣን ቁጥር እንዲህ የተደለደለ መንገድ እያገኘን፣ ሌላ እንዴት ይጽደቅላችሁ?»