አለቃ ስም ሲስቱ

አለቃ ተክለሃይማኖት ሲሳሳቱ የሚያርማቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ጓዴ ነው።

ጓዴ ሹመት የለውም። ወገዳ አጠገብ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነው። ይሁን እንጂ አለቃ ለሽምግልና በተጠሩበት ሁሉ በቀኛቸው የሚቀመጠው እሱ ነበር። ከስማዳ ብቻ ሳይሆን ከእስቴም ከጋይንትም የተጣላ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። የደም ነገር እንኳ በእሳቸው ቃል ይደርቃል። ታዲያ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ስም ይምታታባቸው ጀመር።

አንድ ጊዜ እስቴ፣ ሰርግ ላይ፣ ሙሽራይቱን በእናቷ ስም ጠርተው መረቁ። ሰዉ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ጓዴ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እናትሽን ምሰይ፣ እንደሷ ውለጂ ማለታቸው ነው። አሜን በሉ እንጂ!» አለ።

ሁሉም አሜን አለ። የሙሽራይቱ እናትማ አለቀሰች።

ሚስቱ ዓለምዬ ይህን አትወድም።

«እስከ መቼ ትሸፍንላቸዋለህ? ለብቻቸው አትነግራቸውም?»

«ሽማግሌን በአደባባይ ማረም ነውር ነው። ለብቻ ማረም ደግሞ ድፍረት ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«ማሳል» አለ ጓዴ።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ጥር ወር፣ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ የሙላት ደም ለእርቅ ቀረበ።

ሙላት ከሦስት ዓመት በፊት ከአርብ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተገድሏል። ሲገደል ያየ ሰው የለም፤ ገዳዩን የማያውቅ ግን አልነበረም። በዚያው ቀን ጠዋት ከሙላት ጋር በድንበር ተጣልቶ «እንተያያለን!» ያለው ላቀው ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅም ላቀው ሸሸ። በበሽሎ በረሃ ሦስት ክረምት ከረመ።

ነፍሱ የተረፈችው በጎረቤቱ በአያሌው ነው። በዚያን ዕለት ገና ለቅሶው ሳይሰማ ሮጦ መጥቶ «ሽሽ፣ አንተን ነው የሚሉት» ያለው አያሌው ነበር። ከዚያም ሦስቱን ዓመት ሙሉ የላቀውን ማሳ በራሱ በሬዎች አርሶ፣ አጭዶና ወቅቶ ልጆቹን አበላለት። አሁንም የእርቁን በግ ከራሱ በረት አውጥቶ የነዳው እሱ ነው።

«ጎረቤት እንደ አያሌው ነው» ይላል ሰዉ። ጓዴም ይላል።

በእርቁ ቀን ጠዋት ጓዴ ላቀውን ገለል አድርጎ ጠየቀው።

«ገድለሃል?»

«አልገደልሁም።»

«ታዲያ ድንጋይ ልትሸከም ለምን መጣህ?»

«ካልተሸከምሁ የሙላት ወንድም ይገድለኛል። ከዚያ ልጄ እሱን ይገድላል። ከዚህ ሁሉ ድንጋዩ ይቀላል።»

ጓዴ ገዳይ ሁሉ አልገደልሁም እንደሚል ያውቃልና አልተከራከረውም።

ሰዉ በደጀ ሰላሙ ፊት ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። የሟች እናት እመት አስካለ ከል ለብሰው ተቀመጡ። የሟች ወንድም ደምሌ ጠመንጃውን እንደ ያዘ ከኋላቸው ቆመ። «ለእናቴ ስል ነው የመጣሁት። የሚያላግጥብን ሰው ካየሁ ግን እርቅ የለም» ብሎ ነበር። ላቀው ጋቢውን ወገቡ ላይ አገልድሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከ። አያሌው ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ከበጉ ጋር ነበር።

አለቃ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ስለ አቤል ደም ተናገሩ፤ ስለ ይቅርታ ተናገሩ። እመት አስካለ እንባቸውን ጠረጉ። ደምሌ እንኳ አንገቱን አቀረቀረ። ጓዴ በልቡ «ዛሬስ ተሳካላቸው» አለ።

«እንግዲህ» አሉ አለቃ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሙላትን የገደልህ አያሌው! ድንጋዩን ተሸክመህ እናቱ እግር ላይ ውደቅ!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ደምሌ ቀና ብሎ ማን እንደ ሳቀ ፈለገ፤ እጁ ወደ ጠመንጃው ቃታ ሄደ። ላቀው መነሣትም መቅረትም አቅቶት እጁን በድንጋዩ ላይ አሳርፎ አለቃን አያቸው።

ጓዴ ሳለ። አለቃ አልሰሙም። ጮክ አድርጎ ደገመው።

«ጉንፋን ነው ጓዴ?» አሉት በርኅራኄ። ከዚያም ተቆጥተው ወደ ሰዉ ዞሩ። «አያሌው! ስትጠራ ዝም ትላለህ? ከሰው ብትሸሸግ ከእግዜር ትሸሸጋለህ?»

ጓዴ ቶሎ ብሎ የሚለውን ፈለገ፤ አገኘም። «እንደ አያሌው ያለ ደግ ጎረቤት የሰጠህ እግዜር ይመስገን፣ ላቀው ተነሥ ማለታቸው ነው» ሊል ነው። ካለው ሁሉ የተዋጣለት ይህ መሰለው። ተነሥቶ አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አያሌው የበጉን ገመድ ለቅቆ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አገልድሞ መጣ። የላቀውን እጅ ከድንጋዩ ላይ አነሣ። ድንጋዩን ራሱ ማጅራቱ ላይ አደረገ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «የወዳጁን ድንጋይ እንኳ ሊሸከምለት!» አለች አንዷ። ጓዴ ሊናገር ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ጎረቤት በሰባት ወረዳ ቢፈለግ አይገኝም ብሎ አሰበ።

አያሌው እመት አስካለ እግር ላይ ተደፋ። ከድንጋዩ ሥር እንደ ምንም አንገቱን ወደ ሽማግሌው አዞረ።

«አለቃ» አለ፣ «ማን ነገረዎ?»