የፍቅረሥላሴ ቡት

ፍቅረሥላሴ ቡራዩ ወዳለው የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ከተዛወረ ወራት ቢያልፉም ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው አልነበረም። አንዳንዱ «ፍቅሬ»፣ አንዳንዱ «ፍቃዱ» ይለዋል፤ አብዛኛው ምንም አይለውም። ጠዋት ሱፉን ለብሶ ይገባል፣ ማታ ሱፉን ለብሶ ይወጣል። በመሀሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው። የተከራያት ክፍል ሲገባ ሬዲዮኑን ከፍቶ ይተኛል፤ ሰው ያለ እንዲመስለው።

ክረምቱ ሲገባ የሰፈሩ ጭቃ ጫማውን ጨረሰው። ሶሉ ሲገነጠል ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ ጥቁር የቆዳ ቡት ገዛ። በደንብ ወለወለው፣ ሱሪውን ከላይ ጣል አደረገበትና ወደ ቢሮ ሄደ።

ያን ዕለት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ውብአየሁ ስብሰባ ጠርተው ነበር። ፍቅረሥላሴ እግሩን አጣምሮ ሲቀመጥ ቡቱ ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ውብአየሁ። «ሱፍ ላይ ቡት ይደረጋል? ቢሮ እኮ ነው፤ ደንበኛ ምን ይለናል?»

ሁሉም ዞሮ አየው። እዚያ ቢሮ ከገባ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ፊቱ ጋለ።

«እግሬ ላይ ጉዳት ስላለብኝ ነው» አለ።

ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም። ወይዘሮ ውብአየሁ ደነገጡ።

«ውይ፣ ይቅርታ አድርግልኝ የኔ ልጅ። አድርገው፣ አድርገው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅረሥላሴ ሰው ሆነ። ጥበቃው ኦቦ ጃለታ ደረጃው ሥር ወንበር አኖሩለት። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ፍቅረሥላሴ? እግርህስ?» ይሉታል፣ ከስሙ አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ። የሰነድ ክፍሏ ላሊሴ ደግሞ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ጠረጴዛው ድረስ መጣች።

«ደረጃ መውረዱ አይከብድህም? እዚሁ እንብላ» አለችው።

ላሊሴን ቢሮው ሁሉ ይወዳታል። ሳቋ ታችኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል። እንዲህ ያለች ልጅ እሱ ጋ የምትቀመጠው አዝናለት መሆኑ ገባው። ቢሆንም ጠዋት ቢሮ ከገባባት ደቂቃ አንስቶ የምሳ ሰዓትን ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ማነከስ ተማረ። መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይራመዳል፤ የቢሮው በር ሲቃረብ ግራ እግሩን ይጎትታል። አንድ ቀን ሐሳብ ይዞት ሄዶ በቀኙ አነከሰ። ላሊሴ ከጎኑ ነበረች። ወሬዋን ሳታቋርጥ ዞራ በቀኙ በኩል ሆነችና ክንዱን ያዘችው። ስህተቱ ትዝ ያለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ልብ አላለችም ብሎ ተጽናና።

አንድ ዓርብ ወይዘሮ ውብአየሁ ቢሯቸው አስጠሩት።

«ወንድሜ የአጥንት ሐኪም ነው። ሰኞ ከሰዓት በዚህ ሲያልፍ ያይልሃል፤ ነግሬዋለሁ።»

«አያስቸግሯቸው፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

«ምን ችግር አለው? ቡትህን አውልቀህ ታሳየዋለህ፣ በቃ።»

ቅዳሜና እሑድ ከክፍሉ አልወጣም። ሬዲዮኑን ከፈተ፣ ዘጋ። ኦቦ ጃለታ ወንበሩን አንስተው ሲወስዱ ታየው። ሰዎቹ እንደ ድሮው ፊት ለፊቱ ሲያልፉ፣ አሁን ግን እየተጠቋቆሙ ሲያልፉ ታየው። ይህን ሁሉ ይችለዋል። ያቺ ልጅ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በሌላ በኩል ስትሄድ ማየቱን ግን አይችለውም። ዝውውር ልጠይቅ ብሎ አሰበ። ደግሞ ሌላ ከተማ፣ ደግሞ ስሙን የማያውቅ ቢሮ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላሊሴ እንደ ወትሮዋ መጥታ ተቀመጠች። እሱ ምሳውን አልከፈተም።

«ላሊሴ፣ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ። እግሬ ምንም አልሆነም። ያን ቀን አፍሬ ዋሸሁ። ይኸው እስከዛሬ እየዋሸሁ ነው።»

ላሊሴ መብላቷን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ገና እግሬን ባልክ በመጀመሪያው ሳምንት ታክሲ ሊያመልጥህ ሲል ስትሮጥ አይቼሃለሁ። እንዴት ትሮጣለህ!»

ፍቅረሥላሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አሳዝኜሽ ነው?»

ላሊሴ ምሳ ዕቃዋን ከደነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«እዚህ ቢሮ ሰላም የማይለኝ የለም፤ ምሳ እንብላ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እግርህ ደህና ነው ካልኩማ፣ በምን ሰበብ መጥቼ እቀመጣለሁ?»