ሦስት ቃሪያ ለመንገድ

ሳህን ሁሉ የተመጋቢውን ምላስ እያነበበ ለምግቡ ኮከብ መስጠት ከጀመረ ወዲህ «እጅሽ ይባረክ» ማለት ብቻውን አያድንም። መምህር ደምሰው ከሥራ ሲወጣ ኮሌጁ በር ላይ ባለው ባር ጥብስ በላ፤ ሳህኑም አምስት ኮከብ አበራ። ቤት ግን የባለቤቱ የአልጋነሽ ሽሮ ሁለት ብቻ ያገኘ ቀን ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ አኩርፋለች።

ስለዚህ አስተናጋጇን ውብርስትን ጠራት። «እንደተለመደው ሦስት ቃሪያ አምጪልኝ፤ የሚያቃጥለውን።» ምላስ በቃሪያ ከደነዘዘ፣ ሳህኑ «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ያልፋል።

«ጋሼ፣ አንድ ብቻ ነው የቀረው።»

«ያን ሁሉ ቃሪያ ማን ጨረሰው?»

ውብርስት ጠረጴዛውን እየወለወለች ትንሽ አመነታች። «እትዬ አልጋነሽ ናቸው። እሁድ እሁድ ጠዋት እየመጡ ይወስዳሉ፤ ትናንትም ወስደዋል።»

ደምሰው የቀረችውን ቃሪያ ተቀብሎ አላመጠ። እሁድ ወጥ የሚሠራው እሱ ነው። የአልጋነሽ ሳህን «ማንበብ አልተቻለም» ባለ ቁጥርም፣ የእኔን ሙያ ማሽን አይደርስበትም እያለ ለመምህራኑ ሁሉ ሲያወራ ከርሟል።