የማዳም ዘንባባ

ቤሩት፣ ደክዋኔ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ በግማሽ በርሜል አፈር፣ አንዲት ዘንባባ አለች። የማዳም ባል፣ ሚስተር፣ በሠርጋቸው ዕለት የተከሏት ናት። አርባ ዓመት! ግን ከሠራተኛዋ ከሰሊማ ትከሻ አታልፍም።

«የባሕሩ ጨውና ነፋስ መች ያሳድጋታል!» ይላሉ ሚስተር።

ማዳምን አንዲት ጠንቋይ «ዘንባባዋ የደረቀች ቀን ባልሽ ይሞታል» ብላቸዋለች። ስለዚህ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው፦ ንጹሕ ውሃ፣ በማለዳ፣ ሥሯ ላይ ብቻ። መሐሏ ላይ ያለችውን ለጋ እምብርት ጠብታ እንዳይነካት!

ሰሊማ የወሎ ልጅ፣ ቤት ስታጸዳ መስታወት ታስንቃለች። ውሃ በጠፋ ሰሞን ግን በረኪና ያለበትን የወለል እጣቢ «አፈር ምን ያውቃል!» ብላ በርሜሉ ውስጥ ደፋችው። ሳምንት ሙሉ።

ቅጠሉ ገረጣ። እምብርቷን ሳብ ብታደርጋት፣ ተነቅላ እጇ ላይ ቀረች።

የዚያኑ ቀን ሚስተር ልባቸውን ይዘው ወደቁ።

«ያ አላህ፣ ሰው ገደልኩ!» አለች ሰሊማ። በአምቡላንሱ ጩኸት ማን ይስማት?

ማዳም ከሆስፒታል ደወሉ። «ዘንባባዋስ?»

«ደህና ናት፣ ማዳም።»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ።» በሐሰት ማለች። ያን ቀን እህል አልወረደላትም።

በማግስቱ በቫን እስከ ዶራ፣ ከዚያ በእግሯ እስከ ካራንቲና ሰፈር ሄዳ፣ ችግኝ ከሚሸጥበት መጋዘን ደረሰች። ሻጩ፣ ሱዳናዊው አብዱልገኒ፣ «ዘንባባ፣ ለደክዋኔ» ስትለው ሳቀ። ገባ ብሎ አንዷን ከነግማሽ በርሜሏ እየጎተተ ወጣ።

«ልክ እስከ ትከሻሽ። ያላ፣ ሊፍቱ አሁንም አይሠራም አይደል?»

«መብራት በሌለበት አገር ከየት ይሥራ!»

የወርቅ ጉትቻዋን አውልቃ ዘረጋችለት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አድርጊው! ጆሮሽ ላይ ያምራል» ብሎ በርሜሉን ተሸከመ።

በአራተኛው ቀን ሚስተር በማዳም ክንድ ተደግፈው ገቡ። ማዳም በቀጥታ ወደ በረንዳ! ቅጠሏን ዳበሱ፣ አለቀሱ፣ ሰሊማን አገላብጠው ሳሟት።

«ሐቢብቲ፣ ባሌን ያዳንሽው አንቺ ነሽ!»

ሰሊማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማዳም ሾርባ ሊያሞቁ ኩሽና ሲገቡ፣ ሚስተር እግር ሥር ተንበረከከች።

«ሚስተር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዘንባባዋ...»

ሚስተር ኩሽናውን ገልመጥ አድርገው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«እሽሽ! ማዳም እንዳትሰማሽ። ይቺ አምስተኛዋ ናት።»