ኮሽታ የሌለበት ደረጃ

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ጥርስ ሳታወጣ ነው።

የቀብሩ ዕለት ጎረቤት ቤቱን ሞልቶት ዋለ። ወንበር በተጎተተ፣ ሰው ባለቀሰ ቁጥር ልጅቷ እየባነነች ፊቷ እስኪጠቁር ጮኸች። በማግስቱ አባትየው ወተት ሊገዛ ሲወርድ የሕንፃው ዘበኛ እንዴት አደራችሁ አለው።

"ኮሽ ባለ ቁጥር ትነቃለች። ዓይናችን ሳይከደን ነጋ" ብሎት አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በሩን ያንኳኳ የለም።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ከትንሿ ከተማቸው የመጡት ልጅቷን ሊወስዱ ነው። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ተናገሩት። የአባትየው የሐዘን ፈቃድ አልቋል፤ ሰኞ ወደ መስታወት ቤቱ ይመለሳል። ልጅ ታቅፎ መስታወት አይቆረጥም።

"ደውሉን ብጫነው ብጫነው አይጮህም" አሉ አማቱ።

"ተበላሽቶ ይሆናል።"

"ተበላሽቶ! ሽቦው ተቆርጧል እኮ። ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም።"

ወጥቶ አየው። እውነታቸውን ነው። ሽቦው በመቁረጫ ተቆርጦ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

"ዘበኛችሁስ ምን ዓይነት ሰው ነው? መቀመጫው ሥር የሴት፣ የወንድ፣ የልጅ ጫማ ደርድሯል። ደግሞ 'እናቴ፣ ጫማዎን' ብሎ ጀመረኝ። 'ልጄ፣ ሐዘንተኛ ነኝ፤ ጫማ አልገዛም' ብዬው ወጣሁ።"

አባትየው ለመሳቅ ትንሽ ቀረው።

ቤቱ ጠባብ ነው። የልጅቷ አልጋ በቁም ሳጥኑና በትልቁ አልጋ መካከል ስለገባ በጎን ካልሆነ አይታለፍም። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ሚስቱ ሳለች መስኮቱን ከፍታ ግቢው ውስጥ ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች ጋር ትሰዳደብ ነበር። አሁን የኳሱም ድምፅ ጠፍቷል።

አማቱ ሁለት ቀን ተቀምጠው አዳመጡ።

"እዚህ ሰው አይኖርም እንዴ?"

"ይኖራል። ከላያችን ማታ ማታ የሚለማመድ ጡሩምባ ነፊ አለ። ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ።"

"የታል ጡሩምባው?"

"ትቷል።"

"ልብስ ሰፊዋስ? መኪናዋ አይንኳኳም?"

ሊነግራቸው አልፈለገም። ግን ነገራቸው። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት በበሩ ቀዳዳ ሲያይ፣ ልብስ ሰፊዋና ጡሩምባ ነፊው የስፌት መኪናዋን ለሁለት ተሸክመው ቀስ እያሉ ሲወርዱ አይቷል።

"ሸሸች በለኛ! ሐዘን እንደ ጉንፋን የሚጋባ መስሏት።"

"እሷ እንኳ አሁንም እዚሁ ታድራለች።"

"ታዲያ አንድ ቀን ብቅ ብላ ታውቃለች?"

ዓይኑን ወደ በሩ ቀዳዳ መለሰ።

ያቺን ቀዳዳ ለምዷታል። ልጅቷ ስትተኛ ዓይኑን እዚያ ላይ ይለጥፋል። ቀዳዳዋ የምታሳየው ከደረት በላይ ነው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ መደገፊያውን ይዞ፣ ሊሰርቅ እንደመጣ ሰው እየተሳበ ነው የሚያልፈው። ፊቱን ወደ በሩ የሚያዞር የለም። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ቆም ብላ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። ቁልፉን እስኪያዞር ሄዳለች። ምን ልትሰልል ነው አለ በሆዱ።

"ስማኝ ልጄ" አሉ አማቱ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት። "ልጄ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ከተማ ስትወደው እኔ 'ባህል የለውም' እላት ነበር። እሷ ቲያትር ቤቱን፣ ሙዚየሙን ትቆጥርልኛለች። ባህል እኮ ሰው ሲሞትብህ በርህን ገፍቶ የሚገባ ሰው ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የናንተው ግድግዳ ግን ጆሮም አፍም የለው።"

"ሥራ በዝቶባቸው ነው ትል ነበር እሷ።"

"ሥራ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው እዚህ መጥቶ አላየም። ሽቦህን ቆርጠውልሃል። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ውጣ ይበሉህ? ልጅቷን እዚህ መቃብር ውስጥ አልተዋትም።"

ልጅቷን አየ። እጇን ጨብጣ ተኝታለች። አፍንጫዋ የእናቷ ነው። ይህን ማንም እስካሁን አላለውም።

"ይውሰዷት" አለ።

ወደ ማታ አማቱ ልጅቷን እንደተኛች ትከሻቸው ላይ አደረጓት።

"አውቶቡሱ ሳያመልጠን ታክሲ ጥራ።"

የልጅቷን ቦርሳ አንስቶ ወረደ። በፎቁ ሁሉ የሚሰማው የራሱ ጫማ ብቻ ነበር።

ታክሲ አስቁሞ በሩ ላይ አስጠጋው። ሹፌሩ ተሳፋሪዋን ሊጠራ እጁን ወደ መኪናው ጡሩምባ ሲሰድ፣ ዘበኛው ከክፍሉ እየሮጠ ወጥቶ በመስኮቱ የሹፌሩን እጅ ያዘ።

"ኧረ አባቴ! ምን አጠፋሁ?"

ዘበኛው ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ ወደ ላይ አመለከተ።

አባትየው ቦርሳውን ሊያሳርፍ ወደ ዘበኛው ክፍል ዞረ። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ እንደነከሰች እዚያ ተቀምጣለች።

ልብስ ሰፊዋ ዘንቢል ይዛ ከመንገድ ገባች። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀችና መቀመጫው ሥር ከተደረደሩት አጠገብ አኖረችው። ቀና ስትል አየችው። በከንፈሯ ብቻ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ "ተኝታለች?" አለችው።

ታክሲውን ባዶውን ሸኘ፤ ከዚያም ደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።