«እሺ» ሳይባል

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ ይህ በትክክል የሆነ ነገር ነው።

አቶ ይርዳው ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌ፣ ጋሽ ድንበሩን፣ በጥርጣሬ ዓይን አዩአቸው። ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፣ መልስ ሳይሰጠውም አይወጣም። እኚህ ግን ቆመው ያልባቸዋል፤ እግራቸውን ያቆላልፋሉ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ስለ ልጁ የደበቁኝ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። ብቻ ቶሎ ይወስኑልን።»

«የምን ጥድፊያ ነው? ሌላ ሚስት አለችው እንዴ?»

ጋሽ ድንበሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ትንሽ ቻሉ፤ ከዚያ በሩን በርግደው ወጡ። አቶ ይርዳው ደነገጡ። ሽማግሌ አስቀይሞ መስደድ ለልጅቷም አይበጃት። ከኋላቸው ሮጡና በሽንት ቤቱ በር ላይ «ሰጥቻለሁ» አሉ።

ከውስጥ «ተመስገን» የሚል ረጅም ድምፅ ተሰማ።

ደግነቱ ጋሽ ድንበሩ ሳያመልጣቸው ደርሰዋል። ከራሴ የጨመርኩት ይህችን ብቻ ነው።